«ጅብ አለ» ሲባል እንሩጥ ወይስ እንስማ? ለቀበናዋ መምህርት ምስጋና

ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና እየቆላች ልጄ አጠገቧ ተቀምጦ ተረት ያነብላት ነበር። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መጽሐፍ የሚደርሳት በሰው አንደበት ነው። መሐል ላይ ምጣዱን ከከሰሉ አወረደችና እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቡናው በግማሽ ቁሉ ቀረ። ተረቱ ሲያልቅ «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ እንዲህ ነበር ሥራ የምንፈታው» አለችኝ። የአያት አድልዎ እንዳለበት አይጠፋኝም። ነገር ግን ከስምንት ወር በፊት ይኸው ልጅ ሲያነብላት «ተወው ልጄ፣ አታድክመው» ያለችኝም እሷው ነበረች። ስለዚህ ባለውለታችንን በአደባባይ ላመስግን።

ባለውለታዬ ቀበና አካባቢ የሚኖሩ፣ ልጆችን በስሜት ማንበብ የሚያስተምሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። «ስሜን ካወጣህ በሬን እዘጋለሁ» ብለውኛል፤ እንደሚዘጉም አልጠራጠርም። ልጆቹ «እትዬ» ነው የሚሏቸው፣ እኔም እዚህ ላይ እንደ ልጆቹ ልበላቸው።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። የፊደል ችግር ኖሮበት አያውቅም፤ ሠላሳ ሦስቱን በየሰባት ቤታቸው፣ 231ዱንም ሆሄያት አንድ በአንድ ይለያል። በትምህርት ቤቱም ፈጣን አንባቢ ተብሎ ተመስግኗል። ፈጣንስ ፈጣን ነበር! አራት ነጥብ ላይ እንኳ ሳይቆም፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም በአንድ ድምፅ እንደ ወፍጮ ይፈጨው ነበር። «ምን አነበብክ?» ሲሉት መልስ የለም። ሄጄ መምህሮቹን ባነጋግራቸው «በደቂቃ የሚያነባቸው ቃላት ከክፍሉ ልጆች ይበልጣሉ፣ ምን ያሳስብዎታል?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ያን ሁሉ ልጅ ባጨቀ ክፍል ውስጥ መምህሩ አንብቦ ልጆቹ በኅብረት ከመቀበል ሌላ ብዙ ምርጫ የለም።

እትዬ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ አልተከፈተም። ከግድግዳው ጋር ባስደገፏት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ጅብ አለ» ብለው ጻፉ። ልጄ በአንድ ትንፋሽ አነበበው።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉት።

ግራ ተጋባ።

«‹ለ›ን ካጠበቅከው ጅቡ ደጅ ላይ ነው፣ ሮጠን በር እንዘጋለን። ካላላኸው ደግሞ ጅቡ ሊያወራ ነው፣ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን። የቱ ነው?»

ሰሌዳውን አየ፣ ዞሮ በሩን አየ። «እዚህ ላይ አልተጻፈም» አለ።

«አዎ፣ አልተጻፈም» አሉና ከሥሩ «ገና ገና ነው» ብለው ጨመሩበት። በዓሉ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ ያለው ይላላል። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲይዘው ከት ብሎ ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያገኘውን ማስታወቂያ በሁለት መንገድ ሲያነብ ነበር።

እኔ «በስሜት ማንበብ» ሲባል ትያትር ይመስለኝ ነበር። የእትዬ ነገር ከዚያ ይለያል። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ ቃሉን በትክክል ሊጠራው አይችልም። ስለዚህ ድምፁን ሲያርሙ የሚያርሙት መረዳቱን ነው። ድምፁን እያጎረነነ ጅብ ለመምሰል የሚታገለውን አንዱን ተማሪያቸውን «ጅቡን ተወውና የተናገረውን አምጣልኝ» ሲሉት ሰምቻለሁ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የካርቶኗ ነገር ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «አለ» ይሁን «አለች»፣ ማን እንደተናገረ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። የጥያቄ ምልክቱም መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። ልጁ እዚያ ሲደርስ ንግግሩን አሳልፎታል፤ የቀበሮዋን ቃል በአንበሳ ድምፅ አንብቦ ጨርሷል። እትዬ ከብስኩት ካርቶን የቆረጧትን ቁራጭ ይዘው አጠገቡ ይቀመጡና ልጁ ሊያነበው የተቃረበውን ቃል ከአፉ ሳይወጣ ይሸፍኑታል። ያን ጊዜ ዓይኑ ግድ ወደ ፊት ይሸሻል፤ አፉ የኋላውን ሲናገር ዓይኑ የፊቱን ይለቅማል። በመጀመሪያው ሳምንት ተናዶ አለቀሰ። በሦስተኛው ሳምንት ካርቶኗን ራሱ እየጠየቀ ማምጣት ጀመረ።

አንድ ቀን «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ብቻ ለአንድ ሰዓት አነበቡ። አንዴ ጅቡ ደክሞት፣ አንዴ ፈርቶ፣ አንዴ እንደ ጌታ ተኮፍሶ። «የትኛው ነው ትክክል?» ሲሉት «የማያውቁት አገር ስለሄደ መኮፈስ ይችላል» አለ። እኔ ይህን አባባል ስጠራው ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል፣ «ከማያውቁት አገር» የሚለው ለምን እንደገባ አስቤው አላውቅም።

ይህን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው አባታቸውን አነሡ። አባታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ በግዕዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ ተብሎ የድምፁ አካሄድ ስም አለው፣ የሚወድቀውን ያነሣ ልጅ ከየኔታ ፊት አያልፍም። «ለአማርኛው ግን በግምት ሂዱ አልናቸው» ይላሉ፣ ቅሬታ ባለው ድምፅ። እሳቸው በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ፣ ትንፋሽ በሚወሰድበት ቦታ ላይ ሰረዝ ያደርጋሉ። ከሦስተኛው ንባብ በኋላ ላጲስ ሰጥተው ልጁ ራሱ እንዲያጠፋው ያዛሉ።

ትእምርተ ስላቅንም ያስተምራሉ። ያ የተገለበጠው ቃለ አጋኖ (¡) የስንቶቻችንን አእምሮ እንደለቀቀ እንጃ። ልጄ ግን ወዶት፣ ባለፈው ማክሰኞ ደብተሩ ላይ «አባዬ ዛሬም በጊዜ መጣ¡» ብሎ ጽፎ አገኘሁት።

ሁሉም ነገር ማር ነው አልልም። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው፤ በክረምት ጭቃው አያስኬድም። ፊደል ያልጨረሰ ልጅ አይቀበሉም፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ልጅ በላይም አያስተምሩም፤ ስለዚህ ተራ መጠበቅ አለ። ቀጠሮ ካሳለፋችሁ ይቆጣሉ፣ ያውም በልጁ ፊት። ለአንድ ሰዓት የሚጠይቁት ግን እኛ ቤት ለአንድ ኪሎ ቡና ከምናወጣው ያንሳል፤ ጨምሬ ልስጥዎት ብላቸው ተቆጥተው መለሱልኝ።

ልጁን መላክ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ወላጅ አብሮ መቀመጥ ግዴታ ነው፣ ስልክም ይዘጋል። ለመጀመሪያው ቀን ደግሞ በደንብ ተዘጋጁ፤ ወላጅንም ያስነብባሉ፣ ካርቶኗም ለማንም አታዝንም።