ዓባይ መውጫን በታንኳ፦ የባሕር ዳሩ የጉማሬና የወፍ ጉዞ ሲመዘን

ከባሕር ዳር ወደ ዓባይ መውጫ፣ ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወደሚወጣበት ቦታ፣ በሁለት መንገድ ይኬዳል። አንዱ በሞተር ጀልባ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ጥላ አለው፣ ቤተሰብ ሙሉ ይይዛል። ሌላው በደንገል ታንኳ፣ ከቀዛፊ ጋር ዳር ዳሩን ይዞ የሚደረገው ነው። ተፈጥሮ ለማየት ከሆነ የምትሄዱት፣ ያለ ምንም ማመንታት ታንኳውን ምረጡ። የሞተር ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ ወፉ ይነሣል፣ ጉማሬውም ይጠልቃል። ታንኳ ግን ኮሽታ ስለሌለው ጃካና የተባለችው ወፍ በውሃ ላይ በተኛ ቅጠል ስትራመድ የጣቶቿን ርዝመት እስክታዩ ድረስ ያስጠጋችኋል። የጉዞው ጥቅምም ሆነ አደጋው ያለው ግን ቀዛፊው ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሰውየውንና ታንኳውን እዩ።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ውሃ ላይ መሆን አለባችሁ። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃ የሚመለሰው ጎሕ ሲቀድ ነውና ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከውሃው በላይ የሚታየው ጆሮው፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው። ጣናም ጠዋት ጸጥ ይላል። ረፋዱ ካለፈ በኋላ የብሱ ሲሞቅ ነፋስ ይነሣል፣ ሞገዱም ይከተላል፤ የታንኳ ጠርዝ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞገድ አይችልም። «ከሰዓት በኋላም ይቻላል» የሚላችሁ አስጎብኚ ስለ ሞተር ጀልባ እያወራ ነው። በታንኳ ከሆነ 4 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ከተማው ዳርቻ ለመመለስ ተስማሙ።

ወሩም ልዩነት አለው። ሐይቁ በመስከረም ይሞላል፤ ያኔ ዳርቻው ሁሉ ረግረግ ስለሚሆን ጉማሬው ይበታተናል፣ ለማግኘትም ያስቸግራል። ግንቦት ላይ ውሃው ይጎድላል፣ ጉማሬውም ጥልቀት ባለበት ቦታ ይሰበሰባል፤ በዚያው ልክ ግን ድንጋዩ ይወጣል፣ መተላለፊያው ይጠባል፣ ከጉማሬ ርቆ ማለፍም ይከብዳል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለጉማሬውም ለወፉም ይመቻል፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ያኔ እዚህ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳው ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ታንኳው። ደንገል የሚንሳፈፈው ግንዱ ውስጥ አየር ስላለ ነው። ውሃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፣ ይሰምጣልም። ለዚህ ነው ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱት፣ በጣና ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳቸውን ከሥራ በኋላ አቁመው ፀሐይ የሚያስመቱት። በውሃ ላይ የሚያድር ታንኳ በሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። ሳትሳፈሩ በፊት ሆዱን በአውራ ጣት ጫን በሉት፦ ጠንከር ብሎ መልሶ የሚገፋ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ስፖንጅ ገብቶ ውሃ ከተፋ ወይም ከጠቆረ ተዉት። ማሠሪያዎቹንም አንድ በአንድ ሳቡ፤ ደንገል ሲደርቅ ስለሚኮማተር ትናንት የጠበቀው ዛሬ ላልቶ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ቀዛፊውም እናንተም ተቀምጣችሁ ጠርዙ ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቱ፤ ከአንድ ስንዝር ካነሰ ጭነቱ በዝቷል። ለጎብኚ የሚቀርበው ትንሹ ታንኳ ለአንድ ተሳፋሪና ለአንድ ቀዛፊ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ከሆናችሁ ሁለት ታንኳ ያዙ። መቀመጫው ስለሚረጥብ ከሥራችሁ ተጨማሪ ደረቅ የደንገል እስር ይደረግላችሁ። ውስጥ ገብቶ መቆም ደግሞ በጭራሽ የለም፤ የሚገለበጠው ብዙውን ጊዜ ፎቶ ለማንሣት ሲቆሙ ነው።

ጥሩ ቀዛፊ ከጉማሬ ጋር ምን እንደሚያደርግ ከማየታችሁ በፊት ጠይቁት። መልሱ ይኼን ይመስላል፦ ጥልቁን ውሃ ለጉማሬው ትቶ እሱ ጥልቅ ባልሆነው በኩል፣ ዳሩን ይዞ ያልፋል። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነውና በእሱና በጥልቁ መካከል የተገኘ ሁሉ መንገድ ዘግቷል ማለት ነው። ከ50 ሜትር በላይ ይርቃል፤ ግልገል ካለ ደግሞ እጥፍ። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጀልባ ቢሆን ጎኑን ኳ ኳ አድርጎ «እዚህ ነኝ» ማለት ይቻላል፤ ደንገል ግን ሲመቱት ድምፅ አይሰጥም፤ ስለዚህ በመቅዘፊያው ውሃውን ጠፍ ጠፍ እያደረገ ማሰማት አለበት። ጉማሬ ጠልቆ እስከ 5 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል። ከጠለቀ በኋላ አረፋው ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ሳይጣደፉ ወደ ዳር ማለት ነው። አፉን በሰፊው ሲከፍት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ለፎቶ የሚጓጓው ያችኑ ቅጽበት ነው፤ ጉርሻ የለመደ ቀዛፊም ለዚያ ሲል ይጠጋል። ከመነሣታችሁ በፊት «ባንጠጋም ደስ ይለናል» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጉዞውን ትለውጠዋለች።

መዞሪያው የደብረ ማርያም ደሴት አካባቢ ይሁን። ከዚያ በታች ጨራ ጨራ አለ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ የሐይቁን ውሃ የሚቆጣጠረው ግድብ ነው። በመውጫው ያለው የውሃ ፍጥነት በበጋ የሚወሰነው በግድቡ በሮች እንጂ በዝናብ አይደለም፤ ስለዚህ ትናንት ዝም ያለው ውሃ ዛሬ ሊስብ ይችላል። በተለይ ካያክ የሚባለውን ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ የራሱን ይዞ የሚመጣ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ መመለሻው ውሃውን ተቃርኖ መቅዘፍ ስለሆነ ጉልበቱን ለዚያ ያስቀር።

ስለ ወፉ፣ የአገልግሎቱ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ቀዛፊዎች ዓሣ በል ንስርንና ፔሊካንን ያሳያሉ፣ ከዚያ ያበቃል። ቦታው ግን ከዚያ በላይ ሀብታም ነው፦ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ውሃውን የምታይ፣ ከዚያ በአፏ ቁልቁል የምትወረወር ጥቁርና ነጭ ኪንግፊሸር አለች፤ ኮርሞራን ክንፉን ዘርግቶ ሲያደርቅ ይታያል፤ ደንገሉ ሥር ዝም ብሎ የቆመ ሽመላ አለ። መነጽር ማንም አይሰጣችሁምና የራሳችሁን ያዙ፤ በሚንቀሳቀስ ታንኳ ላይ ከስምንት እጥፍ በላይ የሚያጎላ አይጠቅምም፣ ይንቀጠቀጣል። «የዓባይ ምንጭ ይኼ ነው» ብሎ መውጫውን የሚያሳይ ካጋጠማችሁ ደግሞ በትሕትና አርሙት፦ ምንጩ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው፤ ከዚያ ግልገል ዓባይ ሆኖ በደቡብ በኩል ጣናን ይቀላቀላል።

ላይፍ ጃኬት «አለ» ሲባል አትመኑ፤ አልብሱን በሉ። ከለበሳችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ሲሳብ ጆሮ የሚደርስ ከሆነ ሰፍቷል፣ ውሃ ውስጥ ያመልጣል። ዋጋውን በታንኳ ወይስ በሰው፣ ለስንት ሰዓት፣ የደሴቱ ገዳም መግቢያ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም ብላችሁ ለይታችሁ ተስማሙ፤ ጠቡ የሚነሣው ሁልጊዜ ከሦስተኛው ነው። የመንገዱ ሁኔታ ስለሚለዋወጥም ከሌላ ከተማ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ።

በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ የተባለ፣ በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ የሚገባ ሲሆን በታንኳ ደግሞ እግር መርጠቡ አይቀርም። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ፎጣ ያዙ፣ እንደ ወረዳችሁ እግራችሁን ፈትጋችሁ አድርቁ። ምርመራውን በማግስቱ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቆይታችሁ ተመርመሩ፣ ከተገኘም ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያክመዋል።