3.25 ኢንች ስትሮክ፣ 6 ኢንች ሮድ፦ ከአንድ የውድድር ወቅት በኋላ

ኪቱ ክራንክሻፍት፣ ኮኔክቲንግ ሮድ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) እና ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን አንድ ላይ ሆነው የሚሸጡበት ነው። የገባው በሼቭሮሌ 350 ስሞል ብሎክ (350 ኩቢክ ኢንች ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር) ውስጥ ሲሆን ቦሩ (የሲሊንደሩ ስፋት) 4.030 ኢንች፣ ስትሮኩ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት) 3.25፣ ሮዱ 6.00 ነው፤ ጠቅላላ ይዘቱ 5.4 ሊትር ይሆናል። ወቅቱን ሙሉ በሰርኪዩት ላይ በደቂቃ እስከ 8,500 ዙር ሲሠራ ከርሞ አሁን ሞተሩ ተፈትቷል። ብያኔው ግልጽ ነው፦ አጭሩ ስትሮክ የወጣበትን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ መልሷል፤ የሮዱ ርዝመት ግን የሚወራለትን ያህል አይደለም።

ከስትሮኩ እንጀምር። በ8,500 ዙር የዚህ ፒስተን አማካይ ፍጥነት በሴኮንድ 23.4 ሜትር ነው። የ350ው የራሱ ስትሮክ (3.48) ቢሆን ኖሮ 25 ሜትር፣ ስትሮኩ የረዘመው የ383 ኩቢክ ኢንቹ ስሪት 3.75 ቢሆን 27 ሜትር ይደርስ ነበር። ሞተርን የሚሰብረው ግን አማካዩ ፍጥነት ሳይሆን ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ደርሶ የሚመለስባት ቅጽበት ናት። በ3.25 ስትሮክ ፒስተኑ እዚያ ላይ የመሬት ስበትን 4,240 ጊዜ ያህል እጥፍ ይፈጥናል፤ በ3.48 ደግሞ 4,600 ጊዜ። ፒስተኑ፣ ፒኑ (ፒስተኑን ከሮዱ ጋር የሚያያይዘው)፣ ሪንጎቹና የሮዱ ላይኛ ጫፍ ተደምረው 700 ግራም ቢመዝኑ ሮዱን የሚጎትተው ኃይል ወደ 3 ቶን ይጠጋል ማለት ነው። በጭስ ማስወጫው ምት መጨረሻ ላይ ከላይ የሚገፋ ጋዝ ስለሌለ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለቱ የሮድ ብሎኖች ብቻ ናቸው። ኃይሉ በዙሩ ካሬ ስለሚያድግ ከ8,500 ወደ 9,000 መውጣት ብቻውን 12 በመቶ ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ጥቅም ብዙ ሰው የማያሰላው ነው። የሜይን ጆርናሉ (ክራንክሻፍቱ በብሎኩ ላይ የሚዞርበት አንገት) እና የሮድ ጆርናሉ (ሮዱ የሚያያዝበት አንገት) ክብ ከጎን ሲታዩ የሚደራረቡበት ስፋት ክራንክሻፍቱ መጠማዘዝን የሚቋቋምበት ዋናው ነገር ነው። በ2.45 ኢንች ሜይንና በ2.10 ኢንች የሮድ ጆርናል ድርቡ በ3.25 ስትሮክ 16.5 ሚሊሜትር፣ በ3.48 ስትሮክ 13.6፣ በ3.75 ደግሞ 10.2 ብቻ ነው። ይህ ኪት የሚመጣው በ2.00 ኢንች የሮድ ጆርናል ነው። ከድርቡ 1.3 ሚሊሜትር ይቀንሳል፤ በምትኩ የቤሪንጉ የገጽ ፍጥነት 5 በመቶ ወርዶ ዘይቱ ቀዝቀዝ ይላል። ለዚህ ዙር ትክክለኛ ልውውጥ ነው።

ወደ ሮዱ ስንመጣ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። የፋብሪካው 5.7 ኢንች ሮድ በ6.00 ሲተካ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ የሚኖረው መፋጠን የሚቀንሰው በ1 በመቶ ገደማ ነው። ፒስተኑ በጣም የሚፈጥንበት የክራንክ አንግል የሚለወጠውም ከ1 ዲግሪ ባነሰ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ሮድ የሞተሩን አተነፋፈስ ይቀይራል ብሎ ካምሻፍት መለወጥ ትርጉም የለውም። እውነተኛው ጥቅም ፒስተኑ ላይ ነው። የብሎኩ ዴክ (ከክራንክሻፍቱ መሐል እስከ ብሎኩ አናት ያለው ቁመት) 9.000 ኢንች ሆኖ ሲታረስ፣ ከዚያ ላይ የስትሮኩን ግማሽ (1.625) እና ሮዱን (6.00) ስንቀንስ ከፒኑ መሐል እስከ ፒስተኑ አናት 1.375 ኢንች ይቀራል። በ5.7 ሮድ 1.675 ነበር። 7.6 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ወረደ ማለት ነው፤ ክራንክሻፍቱን ባላንስ ማድረግም በዚያው ልክ ይቀላል። የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚገፋው የጎን ኃይልም ትንሽ ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን 6.125 አይሆንም? ተጨማሪው ትርፍ 0.4 በመቶ ነው፤ ፒስተኑ ደግሞ ወደ 1.250 ያጥርና ከሪንጎቹ መካከል ያለው ብረት መሳሳት ይጀምራል። በከፍተኛ ዙር ሪንጉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ያ ብረት ስለሆነ 6.00 ላይ መቆም ይሻላል። በዚህ መጠን የሚሠራ ሮድ እንደልብ መገኘቱም ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን የኪቱ ደካማ ጎን። አጭር ስትሮክ የሚጠርገው ይዘት ትንሽ ስለሆነ ኮምፕረሽን ማግኘት ይከብዳል። ለ12.5 ለ1 ኮምፕረሽን ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 59 ሲሲ ብቻ መሆን አለበት። ባለ 64 ሲሲ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ 1 ሚሊሜትር ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲጨመር ወደ 73 ስለሚደርስ የፒስተኑ ጉብታ 14 ሲሲ መሆን ይኖርበታል፤ እንዲህ ያለ ጉብታ ደግሞ እሳቱ እንዳይስፋፋ መንገድ ይዘጋል። ባለ 58 ሲሲ ቴስታታ ሲመረጥ ጉብታው ወደ 8 ሲሲ ይወርዳል። ኪቱን ከማዘዝ በፊት ቴስታታውን መወሰን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሌላው ጉልበት ነው፦ ከ3.48ቱ ጋር ሲወዳደር ይዘቱ 7 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ ከዝግታ ኩርባ ሲወጣ ይሰማል። ጣሪያው ከ7,500 ወደ 8,500 ከወጣ የዲፈረንሻሉም ሬሾ በ13 በመቶ ማጠር አለበት፤ አለበለዚያ የተገዛው ዙር ጥቅም ላይ አይውልም።

ሲገጣጠም አንድ ነገር በጣም ያስጠነቅቃል። የክራንክሻፍቱ ጆርናል ጥግ ለጥንካሬ ሲባል ሰፋ ያለ ክብ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ከኪቱ ጋር የመጣው የሮድ ቤሪንግ ግን ጠርዙ ያልተቀረፈ ነበር። እንዲሁ ቢገባ ጠርዙ ጥጉ ላይ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠል ነበር። ጠርዙ በተቀረፈ ቤሪንግ ተተክቷል። የሮድ ቤሪንግ ክፍተቱ 0.0025 ኢንች፣ የሜይኑ 0.0028፣ የፒስተኑና የቴስታታው ርቀት 0.040 ኢንች ተደርጓል። ከ0.040 በታች መውረድ በዚህ ዙር አይመከርም፤ ሮዱ ይሳባል፣ ፒስተኑም ይወዛወዛል። የሮድ ብሎን የሚጠብቀው በቶርክ ቁልፍ ስሜት ሳይሆን ርዝመቱን በመለካት ነው፣ ምክንያቱም የቅባቱ ዓይነት ሲለወጥ ቶርኩም ይዋሻል። የ16ቱም ብሎኖች የመጀመሪያ ርዝመት መጻፍ አለበት።

ያ ጽሑፍ ሞተሩ ሲፈታ ዋጋውን አሳየ። ሁለት ብሎኖች ተላልተው ከመጀመሪያ ርዝመታቸው ከ0.001 ኢንች በላይ ረዝመው ተገኙ፤ ለዓይን ምንም አይታይባቸውም፣ ግን መጣል አለባቸው። የሮድ ቤሪንጎቹ መሐላቸው ግራጫና ንጹሕ ነው፤ የሚያበራው የላይኛውና የታችኛው ግማሽ የሚጋጠሙበት አካባቢ ነው። በከፍተኛ ዙር የሮዱ ትልቅ ዓይን ወደ ላይና ወደ ታች ሲሳብ በጎን ስለሚጠብ ምልክቱ እዚያ ይወጣል። እስካልተላጠ ድረስ ጤነኛ ነው፤ ተልጦ ከሆነ ክፍተቱን ማስፋት ወይም የዙሩን ጣሪያ ማውረድ ያስፈልጋል። የፒስተን ቀሚሶቹ ላይ የሚታየው ቀላል ጭረት ብቻ ነው፤ የፒኑም ቀዳዳ ልኩን አልለቀቀም።

ከሁሉ ቀድሞ የደከመው ከኪቱ ውጭ የሆነው የቫልቭ ስፕሪንግ ነው። ግፊቱ 10 በመቶ ከወረደ ቫልቩ ካምሻፍቱን መከተል ያቅተውና ፒስተኑን ይመታል፤ ስለዚህ ቴስታታው ሳይወርድ በየውድድሩ መሐል በስፕሪንግ መለኪያ ይፈተሽ።

የምትወዳደሩበት ክፍል ዙሩን በ7,200 የሚገድብ ከሆነ ይህን ኪት አትግዙ። 3.48 ስትሮክ ከዚሁ 6.00 ሮድ ጋር፣ ፒስተኑ ከፒኑ መሐል እስከ አናቱ 1.260 ኢንች ሆኖ፣ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል፤ ለቴስታታውም ምርጫ ይሰፋል።