ለብረት ጣሳ የተዘጋጀ የስርቆት መከላከያ ተለጣፊ

በሱቃችን ከመደርደሪያ በብዛት ይጠፋብን የነበረው የሕፃናት ዱቄት ወተት ነው፤ ዋጋው ውድ ሲሆን ጣሳውም በቀላሉ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ቀደም ሲል የምንጠቀምበት፣ ያልተከፈለበት ዕቃ በበሩ ሲያልፍ ደወል የሚያስጮኸው በ8.2 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ተራ ተለጣፊ በካርቶን ላይ እንከን አልነበረውም፤ ጣሳ ላይ ሲለጠፍ ግን የበሩ ደወል ዝም ይል ነበር። ምክንያቱም የበሩ አንቴና የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ አዙሪት፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚፈስ ኤሌክትሪክ፣ ስለሚያስነሣ፣ አዙሪቱ መልሶ መስኩን ያዳክማል፤ ተለጣፊው የተቃኘበትንም ድግግሞሽ ያዛባል።

አዲሱ ተለጣፊ በሽቦ ጥምጥሙና በጣሳው መካከል ስስ የፌራይት (ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማያሳልፍ መግነጢሳዊ ቁስ) ንጣፍ አለው። ንጣፉ መስኩን በራሱ ውስጥ አሳልፎ ከብረቱ የሚያርቅ ሲሆን፣ ጥምጥሙም ከመጀመሪያው ብረት ላይ እንደሚውል ታስቦ የተቃኘ ነው። ጣሳ ይዘን በሩን ደጋግመን ስናልፍ ደወሉ ጮኸ፤ በዚህ እጅግ ረክቻለሁ።

ሆኖም ከተራው ስለሚወፍር በክብ ጣሳ ላይ ጠርዙ ይነሣል፤ በጥፍርም ይላጣል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ገንዘብ ተቀባዩ በማቦዘኛው (ከክፍያ በኋላ ተለጣፊው ደወል እንዳያስጮኽ በሚያደርገው መሣሪያ) ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያሳልፈው አንዳንዴ አለመቦዘኑ ነው፤ ሒሳቧን ከፍላ የወጣች እናት በደወል መቆም የለባትምና አምራቹ ይህን ሊያስተካክል ይገባል።