የበርሚንግሃም ትዝታ ግዢ፦ ሸክላ፣ ትኬት ወይስ ፊርማ?

የበርሚንግሃሙ የሮክ ቡድን የብላክ ሳባዝ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርን በጁላይ 2025 ካረፈ ወዲህ ከዚያች የእንግሊዝ ከተማ የወጣ አሮጌ የሙዚቃ ነገር ፈላጊው በዝቷል። ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ ፎርጅዱም ይበዛል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) ብሬን ምን ላይ ላውለው ለሚል ሰው የኔ መልስ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ሸክላ፣ ቀጥሎ ትኬትና ፖስተር፣ ፊርማ መጨረሻ።

ሸክላ የሚሻለው መታወቂያው እላዩ ላይ ስላለ ነው። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም ፌብሩዋሪ 13፣ 1970 ቨርቲጎ በሚባለው የሸክላ አሳታሚ ወጣ። የእንግሊዙ የመጀመሪያ እትም ቁጥር ቪኦ 6 ነው። ሽፋኑ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፤ ውስጡ የተገለበጠ መስቀል አለ። ሸክላውን አውጡና መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ። አንደኛው ገጽ ላይ የዘፈን ዝርዝር የለም። ጥቁርና ነጭ ጥምዝምዝ ብቻ ነው፣ ሲሽከረከር ዓይን ያዞራል። ዝርዝሩ ያለው በሁለተኛው ገጽ ነው። አልበሙ በኋላ ደብልዩ ደብልዩ ኤ እና ኔምስ በሚባሉ ሌሎች አሳታሚዎች ስም ተደግሞ ታትሟል። እነሱም በሰባዎቹ የወጡ ናቸው፤ ስለዚህ ሻጩ “የሰባዎቹ ኦሪጅናል” ካላችሁ የማን እትም እንደሆነ ጠይቁት። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርም ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። እምቢ ካለ ተዉት። ንጹሕ የመጀመሪያ እትም በመቶዎች ፓውንድ ይሸጣል፤ ጭረት ካለው ግን ያንን ዋጋ እንዳትከፍሉ።

ሰው በብዛት የሚሸወደው ትኬትና ፖስተር ላይ ነው። ወረቀት ማስረጀት ቀላል ነዋ! ሙዚቃ ይቀርብባቸው የነበሩ ሁለት የበርሚንግሃም ክለቦች ስማቸው ይደጋገማል። አንዱ ስቴሽን ስትሪት ላይ ዘ ክራውን መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ የነበረው ሄንሪስ ብሉዝሃውስ ነው። ሌላው ኧርዲንግተን የነበረው ማዘርስ ክለብ ነው።

መጀመሪያ የቡድኑን ስም አንብቡ። እነ ኦዚ በ1968 ብሉዝ ሲጫወቱ ኧርዝ ይባሉ ነበር። ብላክ ሳባዝ የሆኑት በ1969 ነው። የ1968 ትኬት ላይ “ብላክ ሳባዝ” የሚል ካያችሁ ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ቀጥሎ ዋጋውን እዩ። እንግሊዝ ወደ አዲሱ ፔኒ የገባችው ፌብሩዋሪ 15፣ 1971 ነው። ከዚያ በፊት በሽልንግ ነበር፤ 7 ሽልንግ ከ6 ፔኒ “7/6” ተብሎ ይጻፋል። ማዘርስ ደግሞ የተዘጋው በጃንዋሪ 1971 ነው። እንግዲህ “50ፒ” (50 አዲስ ፔኒ) ብቻ የሚል የማዘርስ ትኬት ምን እንደሆነ ለእናንተው ትቻለሁ። ፖስተር ከሆነ ሜትር ያዙ። የዚያ ዘመን ፖስተር በኢንች ነበር የሚቆረጠው፣ ለምሳሌ 20 በ30። ልክ የዛሬው የወረቀት መጠን ኤ3 ሆኖ ከተገኘ እኔ እጠረጥራለሁ።

ፊርማ ላይ አልደፍርም። አብሮት የሚመጣው “ትክክለኛ ነው” የሚል ሰርተፍኬት ራሱ ማንም ሊያሳትመው የሚችል ወረቀት ነው። ሲፈረም የተነሳ ፎቶ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያሳይ ነገር ከሌለ ዋጋው ቢረክስም አልገዛም።

በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው አንድ ጥቆማ አለኝ። የፒንክ ፍሎይድ “ኡማጉማ” የመድረክ ቅጂው ከፊሉ በኤፕሪል 1969 እዚያው ማዘርስ ውስጥ የተቀዳ ነው። ቡድኑ የለንደን ነው፣ ቤቱ ግን የበርሚንግሃም። ብዙ ስለተሸጠ የዘመኑ እትም ከቪኦ 6 በጣም ይረክሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአጠራጣሪ ፊርማ ይሄ በስንት ጣዕሙ!

ማዳመጥ ብቻ ለሚፈልግ አዲሱ ድጋሚ እትም ይበቃዋል። “የ1970 ኦሪጅናል ቲሸርት” የሚለውን ማስታወቂያ ግን ዝም ብላችሁ እለፉት።