የንብ ቀፎን ድምፅ የሚከታተል መሣሪያ፦ የትኛውን ልግዛ?

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን መልሱ። ማታ ስልካችሁ ላይ «መንጋ ሊወጣ ነው» (ከፊሎቹ ንቦች ከአውራቸው ጋር ቀፎውን ጥለው ሊሄዱ ነው) የሚል መልእክት ቢገባ፣ በነጋታው ቀፎው ጋ ትደርሳላችሁ? ምርጫውን የሚወስነው ከዋጋውም በላይ ይሄ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የቢቢሲ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ኤድዋርድ ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ መንጋ ሊወጣ ሲል ከ225 እስከ 285 ኸርዝ ያለው ድምፅ እንደሚጎላ አስተውሎ «አፒዲክተር» የተባለ መሣሪያ ሠራ። አውራዋ (እንቁላል የምትጥለው ንግሥቲቱ ንብ) የጠፋችበት ቀፎም በድምፁ ይለያል። ቀስ ብላችሁ ስታንኳኩት ጤነኛው አጭር «ሽ!» ብሎ ዝም ይላል። አውራ የሌለው ግን ቶሎ አይረጋም፣ ረዘም አድርጎ ያጉረመርማል።

ቀፎው ጓሯችሁ ውስጥ ከሆነ እንደ ቢ ኸልዝ ጉሩ ያለ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል። ስልኩን አስጠግታችሁ ትቀዳላችሁ፣ ውጤቱን ያሳያችኋል። ከሩቅ ግን አይሠራም።

የአሜሪካው ብሩድማይንደር የሚታወቀው በድምፅ ሳይሆን በሙቀትና በክብደት ነው። ንቦች እጭ ያለበትን ቦታ 34 እና 35 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩታል። ሙቀቱ መዋዠቅ ከጀመረ እጭ ማሳደግ ቀንሷል ማለት ነው፤ ምናልባትም አውራዋ የለችም። ክብደቱ በአንዴ ከወረደ መንጋው ወጥቷል። ችግሩ፣ ይህን የምትሰሙት ንቦቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

እንደ እንግሊዙ አርኒያ ያሉት ድምፅን፣ ሙቀትን፣ እርጥበትንና ክብደትን አንድ ላይ ይልካሉ። ቀድሞ ማስጠንቀቂያ የምታገኙት ከእነዚህ ነው። ሻጩን ግን በደንብ ጠይቁት። በእኛ ኔትወርክ ይሠራል? ዓመታዊ ክፍያ አለው? ሶፍትዌሩ የሠለጠነው በየትኛው ንብ ድምፅ ነው? በአውሮፓ ንብ ብቻ ከሆነ በእኛ ንብ ላይ ያለውን ውጤት ሳታዩ አትመኑት። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ የቆርቆሮ ክዳኑን ሲደበድበው ምን ይሰማ ይሆን? እኔ በበኩሌ የተቀዳውን ድምፅ ራሴ እንዳዳምጥ የማይፈቅድ መሣሪያ አልገዛም።

ቀፎዎቻችሁ ብዙ ከሆኑና ርቀው ካሉ፣ ድምፅ የሚሰማውን በጣም ጠንካራው ቀፎ ላይ ብቻ አድርጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መንጋ የሚያወጣው እሱ ነው። ለሌሎቹ የሙቀት መለኪያ ይበቃል። ያላችሁ ባህላዊ ቀፎ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን መጀመሪያ ፍሬም (እንጀራው የሚሠራበት ተነቃይ የእንጨት ማዕቀፍ) ባለው ቀፎ ላይ አውሉት። አውራ ስትጠፋ ንቦቹ አዲስ አውራ እንዲያሳድጉ እንቁላል ያለበት ፍሬም ከሌላ ቀፎ አምጥታችሁ መጨመር የምትችሉት ያኔ ነው።