ልጃችንን ኮሌጅ ላስመረጠችን እህት ምስጋና

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ፣ ሃይስኩል የሚጨርስ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ልጄ ቤት መዋል አይሆንለትም። ቅዳሜ ስንነሳ አልጋው ባዶ ነው፤ ተራራ ወጥቷል። እኔ ነርሲንግ ይማር ባይ ነበርኩ። እሱ «ደጅ የሚያውለኝን ነው የምማረው» አለ። እውነት ለመናገር ተናደድኩ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከብት ስጠብቅ ነው ያደግኩት። እኔ በስንት መከራ ከሜዳ ወጥቼ፣ ልጄ ከፍሎ ሊመለስበት!

መጀመሪያ ገንዘብ የከፈልነው አማካሪ የኮሌጆች ደረጃ በኢሜይል ልኮልን በዚያው ጠፋ። ከዚያ ነው ሰዎች ወደዚች እህት የመሩን። ቀን ሃይስኩል ውስጥ አማካሪ ናት፤ ማታ ማታ የእኛን ሰው ልጆች ታግዛለች።

ስለ ውጤቱ አልጠየቀችውም። ጫማውን አየች። ሶሉ አልቋል፣ አንዱ ማሰሪያ በድንኳን ገመድ ተተክቷል። እኔ የማፍርበት ጫማ ነው። «በዚህ የት የት ሄድክ?» አለችው። ቤት ውስጥ ከ«እሺ» በቀር የማይናገር ልጅ ግማሽ ሰዓት አወራ።

ቀጥላ «ደጅ መጫወት ነው የምትፈልገው ወይስ ደጅ መሥራት?» አለችው። መጫወት ብቻ ከሆነ ተራራ አጠገብ ገብቶ አካውንቲንግም መማር ይችላል። ሥራው ይሁን ካለ ግን ደንና የዱር እንስሳት ማለት ኬሚስትሪና ስታቲስቲክስም ነው። እንዲያስብበት ሳምንት ሰጠችው። ተመልሶ «መሥራት» አለ።

ልቡ ጋኒሰን ነበር፣ ዌስተርን ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ። የተማሪዎች የተራራ ነፍስ አድን ቡድን አላቸው። «በፌብሩዋሪ ሄዳችሁ እዩት» አለችን። ሄድን። ብርድ አውቃለሁ የምል ሰው ጆሮዬን አጣሁት። ዱራንጎ ያለው ፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ደግሞ ከቤታችን በመኪና ከ6 ሰዓት በላይ ነው። እናቱ ይህን ስትሰማ ነገሩ እዚያው አለቀ።

የቀረው ፎርት ኮሊንስ ያለው ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዴንቨር 65 ማይል ያህል። የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጁ ዋርነር ይባላል። 9,000 ጫማ ከፍታ ላይ የተራራ ካምፓስ አላቸው፤ ተማሪዎች በሰመር የመስክ ትምህርት የሚወስዱት እዚያ ነው።

ገንዘቡ ያስፈራኝ ነበር። «ጋሼ፣ የተለጠፈውን ዋጋ አይዩ» አለችኝ። ለካ ተማሪዎቹ የፌዴራል እርዳታ የሚያገኙበት ኮሌጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል፣ እርዳታው ተቀንሶ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት ነገር ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የታክስ ወረቀታችንን ይዛ የሦስቱንም አብራን ሞላች። ፋፍሳውንም፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን ማለቴ ነው፣ እንዲሁ። የእኛ የወጣው ከተለጠፈው በጣም ያንሳል።

ልነሳ ስል «ጋሼ፣ ከብት ሲጠብቁ አንዱን ሜዳ ሲግጡት ቆይተው ለምን ይለቁት ነበር?» አለችኝ። ሳሩ እንዲያገግም ነዋ፣ አልኳት። ሳቀችና የትምህርት ክፍሉን ስም አሳየችኝ፤ ደንና የግጦሽ መሬት አያያዝ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ሳር ጠየቀኝ።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማመልከቻው ኦገስት ላይ ሲከፈት ወረፋዋ ቶሎ ይሞላል።