የሃይሉክስ ባሌስትራ አስቀየርኩ፤ ሱማሌ ተራ ስላለው ቤት የምለው አለኝ

የሃይሉክሴ የኋላ ባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) ተሰብሮ ሱማሌ ተራ አካባቢ አንድ ትንሽ ባሌስትራ ቤት አሠራሁት። ታፔላ እንኳን የለውም። ሥራቸው ግን ኮርቶኛል፤ መናገር አለብኝ።

መጀመሪያ ሰፈሬ ያለ ጋራዥ «በይደን ዛሬውኑ እንሰጥሃለን» ብሎኝ ነበር። ይህን ለዚህኛው ቤት ባለቤት ስነግረው «እኔ ባሌስትራ አልበይድም» አለ፣ አለቀ። የተሰበረውን ብረት አውጥቶ አሳየኝ። የስብራቱ ግማሽ ጠቁሮ ዝጓል፣ ግማሹ ያብለጨልጫል። የዛገው ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው፣ የሚያብለጨልጨው አሁን የለቀቀው። የተሰበረው ሴንተር ቦልቱ (ብረቶቹን መሃል ላይ አንድ ላይ የሚያስረው ብሎን) በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ብዙ ባሌስትራ እዚያ ጋ ነው የሚሰበረው።

ወገኖቼ፣ ባሌስትራ አታስበይዱ! ተለጥጦ እንዲመለስ ተብሎ በእሳት የጠነከረ ብረት ስለሆነ፣ የብየዳ ሙቀት ሲያገኘው ያ ጥንካሬው ይጠፋና ከብየዳው አጠገብ መልሶ ይሰበራል። ጭነት ይዛችሁ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ አክስሉ ቦታውን ለቆ መኪናውን ወደ ጎን ይወስደዋል። ሰው ያልቃል።

ሁለቱንም ጎን አዲስ አስገባሁ። አንዱን ብቻ ብትቀይሩ መኪናው ያዘነብላል። ያገለገለም ነበራቸው፣ በጣም ይረክሳል፣ ግን ስንት ዓመት ምን ሲሸከም እንደኖረ ማን ያውቃል? ዩ ቦልቱንና (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ያለው ብሎን) ጎሚኒውንም (የባሌስትራው ጫፎች ላይ የሚገባው ጎማ) ቀየሩት። አሮጌ ዩ ቦልት አንዴ ተስቦ ስለጠበቀ መልሶ በደንብ አይይዝም፣ እሱ ላይ አትቆጥቡ።

በጣም የወደድኩት አሠራራቸውን ነው። የጎሚኒዎቹን ብሎን መኪናው ክሪክ ላይ እያለ አላጠበቁትም። አውርደው፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው የጨረሱት። አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበላል። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ብዙ አላየሁም።

የማይመቸው ነገር አለ። መቀመጫ የለም፣ መኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው፣ ወረፋውም ያሰለቻል፤ በጠዋት ካልሄዳችሁ ቀኑ እዚያው ያልቅባችኋል። ዋጋውም የሁለት ጎን ሲሆን ኪስ ይጎዳል። ግን ትንሽ ከነዳችሁት በኋላ ዩ ቦልቱን ደግመው ለማጥበቅ ራሳቸው ቀጥረው ይጠሯችኋል፣ እኔንም ጠርተው አጥብቀውልኛል፣ ለዚያ ሂሳብ አልጠየቁኝም።